ከቁልፍ ጋር አታድርገው
(ቦዠና፣ ጡረተኛዋ ሳንቲም መቺ፣ ክሬምኒትሳ ከተማ)

ጓንትህን አውልቅና ወንበሩን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ፤
ማንም አያባርረን፤ በረዶው ከጫማህ ላይ ይቅለጥ።
ብዙ ሰው ይመጣል ወደዚህ አዳራሽ በየቅዳሜው፣
በክብሪት ቀፎ፣ በመሐረብ፣ አቅፎ ሕልሙን እንደ ዕድሜው፤
«ይህ ስሕተት ነው፣ ውድ ነው» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ማታ በሞረድ የፋቀውን፣ የጓዳ ሥራውን ሸሽጎ።
እኔ አርባ ዓመት ከመምቻው መኪና ሥር ቆሜያለሁ፣
የብረት ልደት እንዴት እንደሆነ በጆሮዬ እንኳ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጥፍጥፍ ነው፤ ፊት የሌለው፣ ስም የሌለው፤
ከላይ ማኅተም፣ ከታች ማኅተም፤ አንድ ምት ብቻ ነው።
ከዚያች ምት በፊት፣ ወይም በዚያችው ቅጽበት የተፈጸመ፣
ስሕተት ይባላል፤ ከፊቱ ጋር አብሮ የታተመ።
ከዚያ በኋላ የደረሰበት ግን፣ የመንገድ ይሁን የእሳት፣
ጉዳት ነው፤ ማንም ዐሥር ሳንቲም አይከፍልም ለጉዳት።

ይህን እይ፤ ችግኝ ከምትተክለው ሴት ጉልበት አጠገብ
ቀጭን መስመር አለ፤ ጥፍርህን አሳልፍበትና አስብ።
ከፍ ብሏል? እንግዲያው የማኅተሙ ስንጥቅ ነው፣
ብረቱ ወደ ስንጥቁ ፈስሶ፣ ጅማት ሆኖ የቀረው።
ጎድጉዷል? ግራና ቀኙ እንደ ትልም ዳር አፈር ቆልሏል?
ያ ጭረት ነው፤ ሚስማር እንደ ማረሻ አልፎበት ሄዷል።

ይሄኛው ደግሞ ጫፉ ጎድሏል፣ እንደ ተገመጠ ብስኩት።
ሰው ሁሉ ግምጫውን ያያል፤ እኔ የማየው ፊት ለፊቱን፣ ማዶውን ነው፣ ከግምጫው ትይዩ ያለውን ክፍት።
እዚያ ጠርዙ ከሳሳ፣ ከንፈሩ ከደከመ፣ እውነት ነው፤
ጥፍጥፉ ጎድሎ ስለ ገባ ግፊቱ ማዶ አልደረሰው።
ማዶው ደንዳና ከሆነ ግን መቀስ ነው፣ የጋራዥ መቀስ፤
ባለቤቱን ቀና ብዬ ሳየው ጣራ ያያል፤ ምን ብዬ ልውቀስ?

ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ፣ አጥብቆ፣
ፊደሉን እንደ መስተዋት ገልብጦ፣ አስምጦ፣ አድቅቆ፣
«ሁለት ጊዜ ተመታ» የሚልም አለ።
ማኅተም ፊደል ያቆማል እንጂ አይቀብርም፤
የተቀበረ ካየህ፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከእኛ ቤት አልወጣም።

አሁን የአንተን አምጣ።

አባቴ ሰጠኝ አልከኝ? ዝቮለን ጣቢያ ፉርጎ ቀጣይ ነበር?
ልጄ፣ ይህ እንቁላል ሆኗል፤ ፊቱ በአንድ ወገን ተጎትቷል፤
ሴትዮዋ የምትተክለው ችግኝ ረዝሞ ዛፍ አክሏል።
ማኅተም አይጎትትም፤ ወርዶ ይመታል፣ ይነሣል፤
የሚጎትት ጎማ ነው። ይህን ሐዲድ ያውቀዋል።

አባትህ ዋሸ አልልም።
«ስሕተት ነው» ያለህ ምናልባት ስለ ሳንቲሙ አልነበረም።

እኔም አንድ ስሕተት አለኝ።
ሰባ ስምንት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ እንቅልፍ በቁሜ ወሰደኝ፤
መጋቢው ተዛነፈ፣ ጥፍጥፉ ከማኅተሙ ወጣ ብሎ ቀረ፤
ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ልሙጥ ጨረቃ፤ የተያዘው ሁሉ ወደ እቶን ተወረወረ።
አንዷ ግን ከከረጢት ጋር አምልጣ ሄደች።
የሁለት ሳምንት ደመወዜ ተቆረጠ።
ባለፈው ጥቅምት ብራቲስላቫ ላይ በጨረታ ተሸጠች፣
በአራት ሺህ ዩሮ። ገዢው ጓንት አጥልቆ ነው የነካት፤
እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ የዚያን ሌሊት እንቅልፌን አወቅኋት።

ይህን ጣት ደግሞ እይ፤ በሰማንያ ሦስት መኪናው ጫፉን ወሰደ።
እርሱ ጉዳት ነው። ማንም ለጨረታ አላቀረበውም።

እንካ፣ ሳንቲምህን። ዋጋ የለውም፤
ለማየቱ አላስከፍልህም።
በደረት ኪስህ ያዘው፣ ብቻውን፤
ከቁልፍ ጋር አታድርገው፣
ይጫራል።